ማልኮም፦ የርግቡ ባሪያ ወይስ የርግቡ መላጣ?

የስም መዝገቦች ማልኮም ለሚባለው የስኮትላንድ የወንድ ስም የሚሰጡት ፍቺ ከአንድ መስመር አያልፍም፦ «የቅዱስ ኮሉምባ አገልጋይ»። ፍቺው ስሕተት የለበትም፤ ጎደሎ ግን ነው። ስሙን ለሁለት ከፍሎ ቃል በቃል የሚፈታ ሰው «አገልጋይ» የሚል ቃል አያገኝበትም። የሚያገኘው «መላጣ» ወይም «ፀጉሩን የተላጨ» የሚል ቃል ነው። የፀጉር ነገር እንዴት ወደ አገልጋይነት ተሻገረ? የተላጨውስ ማን ነበር፣ መነኩሴ ወይስ ባሪያ? ወይስ ቃሉ መጀመሪያውኑ ስለ ፀጉር አልነበረም? የጥንቱን የጌሊክ ቋንቋ የሚያጠኑ ሰዎች በዚህ ላይ አንድ ቃል አልሆኑም። ስሙን የያዙት ነገሥታትም የየራሳቸውን ክርክር ትተው አልፈዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስም ሳይሆን ሐረግ

ዛሬ ማልኮም የምንለው፣ እንግሊዞችም ሁለተኛውን «ል» ውጠው «ማልከም» የሚሉት ስም፣ በመካከለኛው ዘመን ጌሊክ ሁለት ቃል ነበር፦ ማኤል ኮሊም። ማኤል መላጣ ማለት ነው። ኮሊም ደግሞ ኮሉም የሚለው ስም ባለቤትነትን ሲያመለክት የሚይዘው መልክ ነው፤ «የኮሉም» እንደማለት። ሁለቱ ተጣምረው «የኮሉም መላጣ» ይሆናሉ።

አማርኛ ለሚያነብ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ፣ ገብረ ማርያም፣ ገብረ መስቀል የሚሉት ስሞች የተሠሩት በዚሁ ስልት ነው፤ አንድ የመገዛት ቃል ይቀድማል፣ የተገዙለት ስም ይከተላል። ልዩነቱ ሰዋስው ላይ ነው። በግዕዝ የሚለወጠው የፊተኛው ቃል ነው፤ ገብር የነበረው ገብረ ይሆናል። በጌሊክ የሚለወጠው የኋለኛው ነው፤ ኮሉም የነበረው ኮሊም ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ውጤት ነበረው። ስሙ ወደ ላቲንና ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ሰሚው የባለቤትነቱን ምልክት አላወቀውም፤ ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ ወስዶ አጣበቃቸው። በላቲን የተጻፉ የንጉሥ ደብዳቤዎች ላይ «ማልኮልሙስ» የሚል አንድ ወጥ ስም እናገኛለን። ሐረጉ በዚያ ስም ሆነ፤ ትርጉሙም መደብዘዝ ጀመረ።

ርግቡ

በሐረጉ ውስጥ ክርክር የሌለበት ኋለኛው ቃል ነው። ኮሉም ከላቲኑ ኮሉምባ የተወሰደ ሲሆን ፍቺው ርግብ ነው። ስሙ የሚጠራው ቅዱስ በ521 ገደማ በአየርላንድ ሰሜን በዶኔጋል ምድር ተወልዶ፣ በ563 ባሕር ተሻግሮ በስኮትላንድ ምዕራብ በምትገኘው በአዮና ደሴት ገዳም መሥርቶ፣ በ597 እዚያው ያረፈ መነኩሴ ነው። የአገሩ ሰዎች ኮሉም ኪሌ ይሉታል፤ «የቤተ ክርስቲያን ርግብ» ማለት ነው።

ገድሉን የጻፈው ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ የአዮና አበምኔት የነበረው አዶምናን ነው። አዶምናን በመግቢያው ላይ በቅዱሱ ስም ረጅም ትርጓሜ ያደርጋል፦ በላቲን ኮሉምባ፣ በግሪክ ፔሪስቴራ፣ በዕብራይስጥ ዮና፤ ሦስቱም ርግብ ናቸው፤ ስለዚህ ቅዱሱ ከነቢዩ ዮናስ ጋር ሞክሼ ነው። ዮናስ ማለት ርግብ እንደሆነ በእኛም ዘንድ የታወቀ ስለሆነ የአዶምናንን ደስታ ለመረዳት አይከብደንም። የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። ደሴቲቱ በአዶምናን ዘመን አዮና አትባልም ነበር፤ እሱ የሚጽፋት በሌላ ፊደል፣ «ዮዋ» ወደሚል ንባብ በሚጠጋ ቅጽል ነው። በኋላ ዘመን ገልባጮች የላቲኑን «ዩ» «ኤን» አድርገው አነበቡት፤ ደሴቲቱም ከዚያ ስሕተት በኋላ የርግብን የዕብራይስጥ ስም ይዛ ቀረች። አዶምናን በሕይወት ኖሮ ይህን ቢሰማ የገልባጭ ስሕተት ነው ብሎ የሚቀበል አይመስለኝም።

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮሉም የሚባል ቅዱስ አንድ ብቻ አይደለም። ስሙና ከሱ የወጣው ኮልማን በጥንቱ የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን እጅግ የተለመዱ ነበሩ። ማኤል ኮሊም የተባለ ሕፃን ሁሉ ለአዮናው አባት ተሰጥቷል ብሎ መደምደም የተለመደ ቢሆንም፣ ድምዳሜው የቆመው በስሙ ላይ ሳይሆን ስሙ በተስፋፋበት ቦታ ላይ ነው። በስኮትላንድ የአዮናው ኮሉምባ ሌሎቹን ሁሉ ጋርዷቸዋል፤ ስለዚህ ለስኮትላንድ ድምዳሜው ጽኑ ነው። ስሙ ከስኮትላንድ ውጭ ሲገኝ ግን በየቦታው እንደገና መመርመር አለበት።

መላጣው

ዋናው ጉዳይ ማኤል ላይ ነው። ቃሉ ዛሬም በስኮትላንድ ጌሊክ «ማኦል» ሆኖ በሕይወት አለ። መላጣ ሰው ማኦል ነው፤ ቀንድ የሌላት ላም ማኦል ናት፤ ጫፉ የዶለዶመ ቢላም ማኦል ነው። ዛፍ የሌለበት፣ ወደ ባሕር የገባ ዱልዱም ተራራም እንዲሁ ይባላል። በካርታ ላይ «መል ኦፍ ኪንታየር» ተብሎ የሚታወቀው የምዕራብ ስኮትላንድ ጫፍ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። በሁሉም ፍቺዎች ውስጥ አንድ ነገር አለ፦ ከላዩ የነበረው ነገር ተወስዷል።

ከዚህ ወደ «አገልጋይ» የሚያደርሱ ሦስት መንገዶች ቀርበዋል።

የመጀመሪያውና በብዙ መጻሕፍት የሚገኘው መንገድ በገዳም በኩል ያልፋል። መነኩሴ ራሱን ይላጫል፤ የተላጨ ማለት የመነነ ማለት ሆነ፤ «የኮሉም የተላጨ» ማለትም በኮሉምባ ሥርዓት ራሱን ለእግዚአብሔር የሰጠ ማለት ሆነ። አማርኛ ይህን ዓይነት ሽግግር ያውቀዋል። «ቆብ ደፋ» ስንል ስለ ጨርቅ እየተናገርን አይደለም። በራስ ላይ ያለ ምልክት ለሙሉ ሕይወት ስም ይሆናል። በተጨማሪም የራስ መላጨት ጉዳይ በኮሉምባ ልጆች ዘንድ ተራ ነገር አልነበረም። የአዮና መነኮሳት የሚላጩት እንደ ሮም ካህናት አናታቸውን ሳይሆን ከጆሮ እስከ ጆሮ ከፊት ለፊታቸው ነበር። ቅርጹ በትክክል ምን ይመስል እንደነበር ራሱ ክርክር ነው፤ ግንባሩ ላይ ጥቂት ፀጉር ይቀር ነበር የሚሉ አሉ፣ ሦስት ማዕዘን ነበር የሚሉም አሉ። ተቃዋሚዎቻቸው ያንን አላጫጨት የሲሞን መሠሪ ምልክት ነው እያሉ ይነቅፉት ነበር። በ664 በዊትቢ በተደረገው ጉባኤ ከፋሲካ አቆጣጠር ጎን አብሮ የተነሣ ጉዳይ ነው። አዮና የሮምን ፋሲካ የተቀበለችው በ716፣ አላጫጨቱን ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እንዲህ ባለ ዘመን «የኮሉም የተላጨ» መባል የየትኛው ወገን ሰው እንደሆኑ በአደባባይ መናገር ነበር።

ይህ አስተያየት ያማረ ነው። ችግሩ ከዘመን ጋር አለመስማማቱ ነው። ማኤል የሚል ስም ያላቸው ሰዎች ከቅዱሳን ስም ጋር ሳይገናኙ ቀድመው ይታያሉ። በ603 በዴግሳስታን ጦርነት የተዋጋው አየርላንዳዊ መስፍን ማኤል ኡማይ ይባላል፤ ኡማይ ቅዱስ ሳይሆን ነሐስ ነው። በጥንቱ የባሕር ጉዞ ተረት ታዋቂ የሆነው ማኤል ዱይን ስሙ «የምሽጉ» የሚል ነው። ነሐስና ምሽግ መነኩሴ አያስላጩም።

ሁለተኛው መንገድ ስለዚህ ከገዳሙ ጀርባ ይሄዳል። በጥንቱ የአየርላንድ ማኅበረሰብ ረጅም ፀጉር የነጻና የተከበረ ሰው ምልክት ነበር፤ የተከረከመ ራስ ደግሞ የዝቅተኛውና የባሪያው ነበር። እንግዲህ ማኤል ከመነሻው «ለእገሌ የተገዛ» ማለት ነበር፤ ክርስትና ሲመጣ የባርነቱን ቃል ወስዶ ከቅዱሳን ስም ፊት አስቀመጠው ይላሉ። መነኩሴውም የሚላጨው «የክርስቶስ ባሪያ ነኝ» ለማለት ነውና ሁለቱ መንገዶች መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ።

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ማስረጃ አለ፤ ሁለቱም ወገኖች ይጠቅሱታል። በሰባተኛው መቶ ዓመት ስለ ቅዱስ ፓትሪክ የጻፈው ቲሬካን የንጉሡን የሎይጋይሬን ሴቶች ልጆች ያሳደጉ ሁለት ወንድማማች ጠንቋዮች እንደነበሩ ይተርካል፤ ስማቸው ማኤልና ካፕላይት ነው። ሁለቱም ስሞች ስለ ተላጨ ራስ የሚናገሩ ሲሆን አንዱ ጌሊክ፣ ሌላው ከላቲን የተወሰደ ነው። ከክርስትና በፊት የነበሩ የጣዖት ካህናትም ይላጩ ነበር ለሚሉ ሰዎች ይህ ትልቅ ስንቅ ነው። እኔ ግን ብዙ አልመዝንበትም። ቲሬካን የጻፈው መላጨት የመነኮሳት ዋና ክርክር በሆነበት ዘመን ነው፤ ሁለቱን ጠንቋዮች የፈጠራቸው ወይም ስም ያወጣላቸው ያ ክርክር ሊሆን ይችላል። ታሪኩ የሚመሰክረው ስለ ጠንቋዮቹ ፀጉር ሳይሆን ስለ ጸሐፊው ዘመን ነው።

ሦስተኛው አስተያየት ከፀጉር ፈጽሞ ይወጣል። በጥንቱ ቋንቋ «ማል» የሚል ሌላ ቃል ነበረ፤ ፍቺው ልዑል ወይም አለቃ ነው። እንደ ማኤል ኡማይ ያሉት ጥንታዊ ስሞች ከዚህ ቃል የተሠሩ ናቸው፤ በኋላ የቅዱሳን አገልጋይነት ፋሽን ሲሆን ሁለቱ ቃላት ተደባልቀው በአንድ ፊደል መጻፍ ጀመሩ ይላል። «የነሐስ ልዑል» ለጦረኛ ከ«ነሐስ መላጣ» ይሻላል፤ በዚህ አይካድም። ይሁን እንጂ ማማር ማስረጃ አይሆንም። ለአስተያየቱ ትልቁ ጥቅም ማኤል ኮሊምን የማይነካ መሆኑ ነው፦ ከቅዱስ ስም ጋር የገባው ማኤል መላጣው እንደሆነ ሦስቱም ወገኖች ይቀበላሉ። የሚለያዩት ቃሉ ከቅዱሱ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ምን እንደነበር ላይ ነው።

ፀጉሩ መቼ ተረሳ ለሚለው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ የሚሻል ማስረጃ አንዲት ሴት ናት። የስኮትላንድ ነገሥታት አባት ተደርጎ የሚቆጠረው ኪናይድ ማክ አልፒን በ858 የሞተ ሲሆን፣ ሴት ልጁ በአየርላንድ ለሁለት ነገሥታት ተድራ በ913 አርፋለች። ስሟ ማኤል ሙሬ ነበር፤ ቃል በቃል «የማርያም መላጣ»። ንግሥት እንዲህ የምትባለው ማኤል የሚለውን ቃል ማንም እንደ ፀጉር ካልሰማው ብቻ ነው። በእኛ አገር ስሙ ፆታ ይለያል፤ ወንዱ ገብረ ማርያም ሲሆን ሴቷ ወለተ ማርያም ወይም አመተ ማርያም ናት። በጌሊክ ግን ለወንዱም ለሴቷም ማኤል ሙሬ ነው። ስለዚህ ቢዘገይ በዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ የመጀመሪያው ንጉሥ ማልኮም ገና ሳይወለድ፣ ቃሉ ከራስ ቅል ላይ ወርዶ ንጹሕ የመገዛት ቃል ሆኗል። መዝገቦቹ «አገልጋይ» ማለታቸው ከዚህ ዘመን ወዲህ ላለው ስም ትክክል የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ወንድማማች ቃላት

ማኤል ብቻውን አልነበረም። ከሱ በፊት «ሙግ» የሚል፣ ያለ ምንም ማድበስበስ «ባሪያ» የሚል ቃል ነበር፤ በአየርላንድ ተረት የሚገኘው ሙግ ኑአዳት ስሙ «የኑአዱ ባሪያ» ሲሆን ኑአዱ ከክርስትና በፊት የነበረ አምላክ ነው። ይህም ሰውን በአምላክ ባርነት የመሰየም ልማድ ከክርስትና ጋር እንዳልመጣ ያሳያል። ከማኤል በኋላ ደግሞ ከአሥረኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ጊላ» እየበዛ መጣ። ጊላ መነሻው «ልጅ፣ ጎረምሳ» ነው፤ ቀጥሎ «አሽከር» ሆነ። ዛሬም በስኮትላንድ አዳኞችንና ዓሣ አጥማጆችን እየመራ የሚያገለግል ሰው በዚሁ ቃል ይጠራል። ከዚህ የወጡት ስሞች ብዙ ናቸው፦ ጊልክሪስት ገብረ ክርስቶስ ነው፤ ጊልሞር ገብረ ማርያም ነው፤ ጊለስፒ የጳጳሱ አሽከር ነው። ማክሊን የሚባለው የታወቀ ቤተሰብም «የዮሐንስ አሽከር ልጅ» ማለት ነው። በደቡብ በኩል ጌሊክ ሳይሆን የዌልስ ዘመድ የሆነ ቋንቋ ይናገሩ በነበሩት ዘንድ «ጎስ» የሚል አቻ ቃል ነበር፤ በ1060ዎቹ መጨረሻ የኖርዘምብሪያ መስፍን የነበረው ጎስፓትሪክ የቅዱስ ፓትሪክ አገልጋይ ነው።

እነዚህ ሁሉ በአንድ «አገልጋይ» መተርጎማቸው ያሳዝናል። ሙግ የተገዛ ነው፣ ጊላ የቤት ልጅ ነው፣ ማኤል ደግሞ ምልክት ያለበት ነው። እኛ ገብረንና ወልደን እንደማናደባልቅ ሁሉ እነሱም ሲሰሟቸው ልዩነት ይሰማቸው ነበር ብሎ መገመት ያስኬዳል።

ከማኤል ስሞች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። በስኮትላንድ የተረፉት ማልኮምና፣ በስትራተርን መሳፍንት ቤት ይወራረስ የነበረው ማሊስ፣ «የኢየሱስ አገልጋይ» ናቸው። ኢየሱስ ያለበት ስም ጠባብ ሆኖ ኮሉምባ ያለበት ዓለምን መዞሩ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ዙፋን ነው።

ዙፋኑ

በ943 የስኮትላንድ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ዘውዱን ትቶ በሴንት አንድሩስ መነኮሰ። ተተኪው የአጎቱ የልጅ ልጅ ማኤል ኮሊም ሆነ፤ ቀዳማዊ ማልኮም የምንለው። እውነተኛው የተላጨ ሰው ከዙፋን ሲወርድ በስም ብቻ የተላጨው ወጣ። አባቱ ዶናልድ በ900 ስለሞተ ማልኮም ስሙን ያገኘው ከዚያ ዓመት በፊት ወይም ቢዘገይ ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ወራት ነው። ከሱ በፊት በዚያ ቤት የነገሡት ኪናይድ፣ ዶናልድ፣ ቆስጠንጢኖስና ኤይድ ናቸው፤ በማኤል የሚጀምር የንጉሥ ስም አልነበረም።

ለምን ያን ጊዜ ተሰጠ? የተለመደው መልስ የኮሉምባን ዐፅም ይከተላል። አዮና በቫይኪንጎች በ795፣ በ802፣ በ806 ተወረረች፤ በመጨረሻው ወረራ ብቻ 68 ሰዎች ተገድለዋል። በ849 የቅዱሱ ቅርሶች ተከፋፈሉ፤ ከፊሉ ወደ አየርላንድ፣ ከፊሉ ወደ ምሥራቅ ስኮትላንድ ወደ ደንኬልድ ሄደ። በአሥረኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የስኮትላንድ ጦር የኮሉምባን መቋሚያ ይዞ ይዘምት እንደነበር ተጽፏል። እንግዲህ የንጉሡ ልጅ በጠባቂው ቅዱስ ስም ተጠራ፣ ነገሩ ግልጽ ነው ይባላል። ግልጽነቱን ግን ማጋነን አይገባም። ልጁ ሲወለድ አባቱ ቢነግሥም ልጁ እንደሚነግሥ የሚያረጋግጥ ሕግ አልነበረም፤ በዘመኑ ዙፋን ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ፣ ከአንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሌላው ይዘል ነበር። የቤተሰብ ጸሎት የነበረውን ስም የመንግሥት አዋጅ ያደረጉት ኋላ የመጡ አንባቢዎች ናቸው።

ከ1005 እስከ 1034 የነገሠው ዳግማዊ ማልኮም አንድ የተለየ ምስክር አለው። በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ የዲር ገዳም የነበረና ዛሬ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚገኝ ትንሽ የወንጌል መጽሐፍ አለ። በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት መነኮሳቱ በባዶ ገጾቹና በኅዳጉ ላይ የርስት ስጦታዎቻቸውን በጌሊክ ጻፉበት፤ ከስኮትላንድ ከተረፉት የጌሊክ ጽሑፎች ጥንታዊው ይኸው ነው። ገዳሙን ኮሉምባ ራሱ ከደቀ መዝሙሩ ከድሮስታን ጋር እንደመሠረተው ይተርካል፤ ወረድ ብሎ የኪናይድ ልጅ ማልኮም የንጉሥ ድርሻውን ለገዳሙ እንደተወ ይመዘግባል። የአገራችንን ወንጌሎች ገልጦ በኅዳጋቸው የጉልት ስጦታ ያነበበ ሰው ይህን መጽሐፍ ሲያይ ባይተዋር አይሆንም። ለስማችን ጥናት ዋጋው ደግሞ ልዩ ነው፦ ርግቡና የርግቡ አገልጋይ በአንድ ብራና ላይ በአገራቸው ቋንቋ የተገናኙበት ነው።

ትልቁ ራስ የማን ነበር?

ከማልኮሞች ሁሉ ዝነኛው ከ1058 እስከ 1093 የነገሠው ሣልሳዊው ነው። በታሪክ መጻሕፍት «ካንሞር» የሚል ቅጽል ይከተለዋል፤ «ትልቅ ራስ» ወይም «ታላቅ አለቃ» ማለት ነው። መላጣ የሚል ስም ላይ ትልቅ ራስ መጨመሩ አስቂኝ አጋጣሚ ነው፤ ክርክሩ ግን ቀልድ አይደለም። የታሪክ ምሁሩ አርቺባልድ ዳንከን በ2002 ባሳተመው መጽሐፍ ቅጽሉ የሣልሳዊው ሳይሆን የልጅ ልጁ ልጅ የራብዓዊ ማልኮም እንደነበር ተከራክሯል። ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ የአልስተር ዜና መዋዕል በ1165 የራብዓዊ ማልኮምን ሞት ሲመዘግብ በዚሁ ቅጽል ይጠራዋል። ሣልሳዊውን በሕይወት ሳለ እንዲህ የጠራው ጽሑፍ ግን አልቀረበም። ዳንከን ከዚያ አልፎ በ24 ዓመቱ የሞተው ንጉሥ ራስ ቅልን የሚያሳብጥ የአጥንት ሕመም ሳይኖርበት አልቀረም ይላል። እዚህ ላይ ከማስረጃው እየራቀ ነው። «ራስ» በጌሊክም እንደ አማርኛው አለቃ ማለት ስለሆነ ቅጽሉን ለማስረዳት ሕመም አያስፈልግም።

የስም መመሳሰል ያመጣው ሌላ ጣጣም አለ። በ1054 እንግሊዛዊው መስፍን ሲዋርድ የስኮትላንድን ንጉሥ ማክቤዝን ወግቶ «የኩምብሪያውያን ንጉሥ ልጅ ማልኮምን» አነገሠ ተብሎ ተጽፏል። ይህን ሰው ሁሉም ሣልሳዊ ማልኮም አድርጎ ሲያነበው ኖሯል። የሣልሳዊው አባት ዳንከን ግን የስኮትላንድ ንጉሥ እንጂ የኩምብሪያውያን ንጉሥ ተብሎ አይታወቅም። አርቺባልድ ዳንከን እዚህም ሁለት ሰዎች ናቸው፣ የ1054ቱ ማልኮም የስትራትክላይድ ነገሥታት ዘር ነው ይላል። ብዙዎች ተቀብለውታል፤ እኔም አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስሙ በየመሳፍንቱ ቤት የተሠራጨ እንደነበር ካወቅን በኋላ፣ አንድ ማልኮም ባየን ቁጥር ንጉሡ ነው ማለት አንችልም።

በዚሁ ንጉሥ ቤት ውስጥ የስሙ መዳከምም ይጀምራል። ሣልሳዊ ማልኮም ከንግሥት ማርግሬት የወለዳቸው ስድስት ወንዶች ልጆች ኤድዋርድ፣ ኤድመንድ፣ ኤቴልሬድ፣ ኤድጋር፣ አሌክሳንደርና ዳዊት ናቸው። አንድም የጌሊክ ስም የለበትም። አንዳንዶች በዚህ የእንግሊዝ ልዕልት የነበረችው እናት የአባቱን ባህል እንዳሸነፈች ያያሉ፤ ሌሎች ደግሞ ማርግሬት የቀደሙ አባቶቿ ዙፋን በኖርማኖች ስለተነጠቀ ስማቸውን በልጆቿ ላይ እንዳስቀመጠች ይናገራሉ። ሁለተኛው ለመጀመሪያዎቹ አራት ልጆች በደንብ ይሠራል፤ አሌክሳንደርንና ዳዊትን ግን አያስረዳም። ስሙ በ1141 በተወለደው በራብዓዊው እንደገና ብቅ ብሎ በ1165 ከሱ ጋር ከዙፋን ወረደ። ከዚያ ወዲህ ማልኮም የተባለ የስኮትላንድ ንጉሥ የለም።

ትርጉሙ ሲሰማና ሳይሰማ

ስሙ ከጌሊክ ተናጋሪዎች በወጣ ቁጥር ሰሚዎቹ ትርጉሙን እየጣሉ ድምፁን ብቻ ይዘዋል። በአይስላንዱ የኒያል ታሪክ ውስጥ አንዲት እመቤት ከጎረቤት ምግብ እንዲሰርቅ የምትልከው አየርላንዳዊ ባሪያ ሜልኮልፍ ይባላል፤ ስሙ ይኸው የእኛው ነው። የቅዱስ አገልጋይ የነበረው በሰው እጅ የወደቀ ባሪያ ሆነ፤ ጸሐፊው ግን የስሙን ትርጉም ያወቀ አይመስልም።

በእንግሊዝኛው ዓለም ስሙን ያነገሠው ሼክስፒር ነው፤ በ1606 ገደማ በተጻፈው «ማክቤዝ» መጨረሻ ላይ ዘውድ የሚጭነው ማልኮም ነው። የአማርኛ አንባቢም ከዚህ ገጸ ባሕርይ ጋር የተዋወቀው በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ነው፤ ማኤል ኮሊምን ወደ አማርኛ ያመጣው ሰው የአባቱ ስም በዚያው ስልት የተሠራ መሆኑን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም።

በ1925 በአሜሪካ በኦማሃ የተወለደው ማልኮም ሊትል ደግሞ ስለ ስም ከማንም በላይ ያሰበ ሰው ነው። «ሊትል» የባሪያ አሳዳሪዎች ስም ነው ብሎ ጣለው፤ በቦታውም የጠፋውን አፍሪካዊ ስም የሚወክል «ኤክስ» አኖረ። የመጀመሪያ ስሙን ግን አልነካውም። በ1964 አዲስ አበባን ጭምር በጎበኘበት የአፍሪካ ጉዞው ዘመን የሚጠራበት ሌላው ስሙ ኤል ሐጅ ማሊክ ኤል ሻባዝ ነበር፤ ማሊክ በዐረብኛ «ባለቤት፣ ጌታ» ማለት ነው። ከ«አገልጋይ» ወደ «ጌታ» ተሻገረ ብሎ መተረክ የሚያጓጓ ነው፤ ነገር ግን በኦማሃ ማልኮም የሚለውን ስም «አገልጋይ» ብሎ የሚሰማ ሰው አልነበረም። ትርጉም የሚኖረው ሰሚ ሲኖር ነው።

በስኮትላንድ በራሷ የሚቀረው ክርክር ስለ ካለም ነው። ካለም ኮሉም የሚለው ስም የዛሬ የጌሊክ መልክ ነው፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለወንዶች ልጆች ከሚወጡት ዋና ዋና ስሞች አንዱ ሲሆን ማልኮም በአንጻሩ የአያቶች ስም ሆኗል። ለረጅም ጊዜ በቤቱ ካለም የሚባል የጌሊክ ተናጋሪ ልጅ በመዝገብ ላይ ማልኮም ተብሎ ይጻፍ ነበር። አንዳንዶች ካለም ከማኤል ኮሊም ወይም ከጊላ ኮሊም የፊተኛው ቃል ተቆርጦ የቀረ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ከመነሻውም ራሱን የቻለ የቅዱሱ ስም ነው ይላሉ። ማካለም የሚባለው ቤተሰብም ክርክሩን ይጋራል፤ «የኮሉም ልጅ» ነው ወይስ «የኮሉም አሽከር ልጅ»? ከቤተሰቡ አንዱ ቅርንጫፍ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ስሙን ማልኮም ብሎ ለወጠው፤ ነገሩም ይበልጥ ተወሳሰበ። ጊሊ ካለም የሚባለው ታዋቂ የሰይፍ ጭፈራ በሣልሳዊ ማልኮም ተጀመረ የሚለው ወሬ የዚሁ መደበላለቅ ፍሬ ነው፤ የዘመኑ ጽሑፍ አይደግፈውም፣ ስሙም ማኤል ሳይሆን ጊላ ነው።

የስም መዝገብ የምታዘጋጁ ሰዎች ሆይ፣ ለዚህ ስም አንድ መስመር ብቻ ካላችሁ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ማልኮም፤ የኮሉም የተላጨ፤ ከዘጠነኛው መቶ ዓመት ወዲህ የኮሉም አገልጋይ»።